ጋሽ ወልዴና አንቀጽ ሰባት

ጋሽ ወልዴ ያረፉት ማክሰኞ ነው፤ እኔ የሰማሁት ረቡዕ ነው፤ ሐሙስ ከሥራ በቀጥታ ሪደርቫልድ ወዳለው ቤታቸው ለለቅሶ ሄድኩ። ሳሎኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ፍራንክፈርት ውስጥ የእኛን ሰው በአንድ ክፍል እንዲያ ተቀምጦ ማየት ብርቅ ነው። ወሬው ሁሉ አንድ ነበር። "የሕግ ሰው ነበሩ።" "ብረት ነበሩ፣ ብረት!" "ለሚስታቸው እንኳ ብለው ሕግ ያላፈረሱ!" አንዱ ወደ እኔ ዞሮ "ማርታ፣ አንቺ የምርጫ ኮሚቴው ፀሐፊ ነበርሽ፤ እስቲ ንገሪያቸው" አለኝ። ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወደ ኩሽና ገባሁና ማጠብ ጀመርኩ። እዚያ ያልተናገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ጋሽ ወልዴን ያወቅኋቸው ጥገኝነት ጠይቄ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። አገር ቤት ናዝሬት ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ኦስትሃፈን አንድ መጋዘን ውስጥ የጭነት መኪና ይመዝናሉ። ሹፌሩ ይቆጣ፣ አለቃው ይለማመጥ፣ ከልኩ በላይ የጫነ መኪና በእሳቸው በር አይወጣም። አጭር ሰው ናቸው፤ ቆባቸውን ቤት ውስጥም አያወልቁም፤ በብብታቸው ሁልጊዜ የፕላስቲክ ማኅደር አለ። በነገር ያልተስማሙ እንደሆነ መነጽራቸውን ያወልቁና በአንድ ጆሮው ይዘው ያወዛውዙታል። ያን ጊዜ የሚያውቃቸው ሰው ቀስ ብሎ ነገሩን ይለውጣል። እኔ ግን እየወደድኳቸው እከራከራቸው ነበር።

ፍራንክፈርት ያለነው ኢትዮጵያውያን የማኅበራችንን መሪ "ፕሬዚዳንት" ነው የምንለው። የራሱ አዳራሽ እንኳ ለሌለው፣ አባላቱ ጥቂት መቶ ለሆኑ ማኅበር! እስቃለሁ። ጋሽ ወልዴ ግን "ምን እናድርግ ልጄ፣ ሊቀመንበር ከሚል ቃል ሸሽቶ የመጣ ሰው ይበዛብናል" ይሉኝ ነበር።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የአገር ቤቱ ጠብ ቦከንሃይም የምንከራየው አዳራሽ ድረስ ገባ። ለፕሬዚዳንትነት ከሚወዳደር ሰው ጀርባ ማን እንዳለ አይታወቅም። አንዱ ለደጋፊዎቹ አውቶቡስ ይከራያል፤ ሌላው ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ክትፎ ያበላል። ሰው ደግሞ ያጎረሰውን እጅ መንከስ ነውር ነውና ያበላውን መርጦ ይወጣል። ጋሽ ወልዴ አንድ ቀን ማኅደራቸውን ከፍተው ተነሡ። ተወዳዳሪ ሁሉ ከማኅበሩ ካዝና እኩል ሦስት መቶ ዩሮ ይውሰድ፤ ወረቀቱን በእሱ ያሳትም፣ ስልኩን በእሱ ይደውል። አባል ልርዳ ቢል ከአምስት ዩሮ አይለፍ፤ እሷም በስሙ ትጻፍ። ከውጭ የሚመጣ ሳንቲም አይነካ። "ስሙን ያልነገረኝን እንግዳ ቤቴ አላሳድርም" አሉ፤ "ገንዘብም እንደዚያው።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ኃይሉ የሚባል ባለ ሱቅ፣ ምላሱ ስለት የሆነ፣ ተነሥቶ "እኔ ካዋጣሁት ላይ ለማልወደው ሰው መቀስቀሻ የሚሰጠው በምን ዕዳዬ ነው?" አለ።

"ለማትወደው ሰው የምትሰጣት ገንዘብ" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ "የምትወደው ሰው በሌላ እንዳይገዛብህ የምትከፍላት ናት።"

ደንቡ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሦስት መቶ ዩሮ "የጋራ ሞሰብ" ነው የሚሉት። በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዓመት አንደኛው ተወዳዳሪ የመንግሥቱን መደጎሚያ አልፈልግም፣ ከደጋፊዎቼ የማገኘው ይበቃኛል ማለቱን ጋሽ ወልዴ ጋዜጣ ላይ ሲያነቡ፣ ሰው የሞተባቸው ያህል አዘኑ። ገጹን በጣታቸው እየመቱ "አየሽ? ሰፊ ገበታ ሲያገኝ የጋራውን ሞሰብ ገፋው። ከእንግዲህ ማንም ወደ ሞሰቡ አይመለስም" አሉኝ።

"ጋሼ፣ የአሜሪካ ምርጫ እኛን ምን አገባን?"

"እነሱ ያልቻሉትን እኛ ልንችል ነው ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ ይሻል ነበር።"

"እሺ፣ እንችላለን?"

"እንችላለን። እኛ ጥቂት ነን፤ እንተዋወቃለን።"

በዚያው ዓመት ኃይሉ ተወዳደረ። ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የልጁን ክርስትና ደገሰና ግማሹን ማኅበር ጠራ። እንደ ባህላችን ሁሉም ፖስታውን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ የኃይሉ ፎቶግራፍ ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ የቀለም ወረቀት በየሰው ፖስታ ሣጥን ገባ፤ በሦስት መቶ ዩሮ የሚታተም አልነበረም። ጋሽ ወልዴ ስብሰባው መሐል "በሕግ አምላክ!" ብለው ቆሙ። "ክርስትናው ክርስትና ነው፤ ልጁንም እግዚአብሔር ያሳድግልህ። ፖስታው ግን ምርጫ ነው!" አሉ። ብዙ ተነታርከን ኃይሉ ከውድድሩ ወጣ። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ "ይሄ ሕግ አንድ ቀን እናንተንም ይበላል" ብሎ ነበር። ተሳሳቅንበት።

ከዚያ በኋላ ነው አንቀጽ ሰባት የተጻፈው። እሳቸው ቤት፣ እኔ ብዕር ይዤ፣ እሳቸው እየተንጎራደዱ። "ተወዳዳሪ ከምርጫው ቀን በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት በደስታ ስም ከአባላት ገንዘብም ሆነ ስጦታ መቀበል አይችልም" አሉኝ። ጻፍኩት፤ አነበብኩት፤ ጎደሎ መሰለኝ። "ጋሼ፣ ደስታ ብቻውን አንካሳ ይመስላል። 'በደስታም ሆነ በኀዘን ስም' ብንለውስ?" አልኳቸው። ቆመው አሰቡና "ይሁን፤ ያምራል" አሉ። ያቺ ቃል የእኔ ናት። ማንም አልጠየቀኝም። ዓረፍተ ነገሩን ለማሳመር ብዬ ነው የጨመርኳት።

ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ያን ዕለት አጠገባችን ተቀምጠው ልብስ ይተኩሱ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በጽዳት የሚሠሩ፣ ረጅም፣ ሳቃቸው ደረጃው ድረስ የሚሰማ ሴት ነበሩ። "ሕግ ስታወጡ ዋላችሁ፤ ባሌ ለእኔ አንድ ሕግ እንኳ ቢያወጣልኝ ምን አለበት" ብለው ይቀልዱብናል። አንድ ነገር ላይ ግን አይቀልዱም ነበር። ከመካከላችን ሰው ሲሞት ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ሳህን እየዞረ ገንዘብ ይለመናል፤ ለታዋቂው ቶሎ ይሞላል፣ ዘመድ ለሌለው ሳምንት ያድራል። እትዬ ብርቄ ሁልጊዜ አምስትም አሥርም ጥለው ሲወጡ "እኔን እዚህ እንዳትተዉኝ። ደብረ ሲና፣ እናቴ አጠገብ" ይላሉ። ለእኔ ብለውኛል፤ ለልጃቸው ለሩት ብለዋታል፤ ለባላቸውማ ስንቴ።

ጋሽ ወልዴም በመጨረሻ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት በዚሁ ምክንያት ነው። እድር ሊያቋቁሙ። እያንዳንዱ አባል በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጥ፣ የማንም ሬሳ ሳህን እስኪሞላ ፍሪጅ ውስጥ አይጠብቅ፤ ሌላ ዓላማ አልነበራቸውም። ተፎካካሪያቸው ኃይሉ ነበር። እሱ ትልቅ የባህል በዓል ቃል ገብቶ ነበር፤ ሰው ደግሞ ስለ ሞት ከሚያወራው ይልቅ ስለ ጭፈራ የሚያወራውን መስማት ይወዳል። እንዲያም ሆኖ ጋሽ ወልዴ እየመሩ ነበር።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ብርቄ ሥራ ቦታቸው ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ነፍሳቸው አልነበረችም።

ለቅሶው ሰኞ ዕለት ተጀመረ። ሰው ጎረፈ፤ ኃይሉም መጣ፣ የሚመርጣቸውም የማይመርጣቸውም መጣ፣ ሁሉም በኪሱ ፖስታ አለው። ሬሳ የሚልከው ድርጅት እስከ ዓርብ ቀብድ ካልተከፈለ እዚሁ እንቀብራለን ብሏል። ጋሽ ወልዴ እጅ ላይ ያን የሚያህል ገንዘብ አልነበረም፤ ያላቸውን ለወንድማቸው ልጆች ትምህርት ሲልኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ፖስታዎቹ ቢከፈቱ ግን በአንድ ቀን ይሞላ ነበር። የሚያስለቅሰኝ ይሄ ነው፤ ገንዘቡ ቤቱ ውስጥ ነበር፤ በሰው ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። የእህታቸው ልጅ በር ላይ ቆሞ "ኮሚቴው እስኪወስን ይቆይ፣ ይቅርታ" እያለ ይመልሳል። አንዲት አሮጊት ፖስታቸው ሲመለስባቸው "የእኔን ኀዘን ሕግ ይከለክለዋል እንዴ?" ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ቦከንሃይም አዳራሹ ጓዳ ውስጥ ተሰበሰበ። ሦስት ነን፤ እኔ፣ አቶ ጌታሁን የሚባሉ ጡረተኛ፣ እና ዮናስ የሚባል የጸሎት ቤት ዘማሪ። ጋሽ ወልዴ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው መጡና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በእጃቸው የተጻፈ ማመልከቻ ነው። "አንቀጽ ሰባት የለቅሶ ፖስታን ይመለከታል ወይስ አይመለከትም? ኮሚቴው እንዲወስንልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።" ሌላ ቃል የለበትም። ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ።

አቶ ጌታሁን "ምን ይጠየቃል? ሰው ሞቶባቸዋል፤ ይቀበሉ" አሉ። ዮናስ "ኃይሉን በክርስትና አስወጥተን እሳቸውን በለቅሶ ብናሳልፍ ነገ ምን ብለን ፊቱን እናያለን?" አለ። በዚህ መሐል ኃይሉ ራሱ በሩን አንኳኩቶ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል። "እኔ ተቃውሞ የለኝም። በጽሑፍም እፈርማለሁ። ይቀበሉ፣ እትዬ ብርቄን አገሯ እንላካት" ብሎ ወጣ።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ አልረሳውም። ወጥመድ ነው አልኩ። ዛሬ ይቀበሉ ብሎ፣ በምርጫው ማግስት "ሕግ አፍራሽ" ብሎ ሊከሳቸው ነው አልኩ። ክፉ ማሰብ ብልህነት የሚመስለኝ ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጋሽ ወልዴን የማውቃቸው መሰለኝ። እየፈተኑን ነው፤ የማይበገር ኮሚቴ ይፈልጋሉ፤ ብናላላው ያዝኑብናል። የዮናስና የጌታሁን ድምፅ እኩል ስለሆነ ወሳኟ እኔ ነበርኩ።

"ይመለከታል" አልኩ።

ልነግራቸው ኮሪደር ወጣሁ። ኩራት ነበረብኝ፤ አዎ፣ ኩራት። "ጋሼ፣ ሕግዎን ጠብቀናል" አልኳቸው።

"ጎበዝ" አሉ። "ጎበዝ ልጆች።" ካፖርታቸውን ሊለብሱ አንዱ እጃቸው እጅጌውን አጥቶ ቆየ፤ ረዳኋቸው። አቶ ጌታሁን ከኋላዬ መጥተው "ወልዴ፣ ራስህን ከውድድሩ አግልል፤ ከዚያ ማንም አይከለክልህም" አሏቸው። "ላስብበት" አሉና ወጡ። በመስኮት ሳያቸው ወደ ባቡር ጣቢያው ደረጃ ሳይወርዱ አልፈውት ሄዱ፤ ተመልሰውም መጡ።

ዓርብ መጣ። አላገለሉም። እትዬ ብርቄ ማክሰኞ እዚሁ ፍራንክፈርት ተቀበሩ። ቀብሩ ላይ ያለቀሰው ሰው ብዙ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ኃይሉ ነው፤ ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱም እሱ ነበር። ያኔ ነው ወጥመድ እንዳልነበረው የገባኝ። ሩት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እዚህ የተወለደች፣ በጀርመንኛ እንጂ የማትመልስ። አፈሩ ሲገባ አባቷን ሳታይ "ማማ ቮልተ ናኽ ሃውዘ" አለች። እማዬ ቤቷ መሄድ ነበር የፈለገችው። ከዚያ በኋላ አባቷን ለብዙ ጊዜ አላናገረችም።

ምርጫውን ተሸነፉ። ፖስታው የተመለሰበት ሰው ኀዘኑ በፊቱ ላይ የተወረወረበት ያህል ቆጥሮት ነበር። "ለገዛ ሚስቱ ሬሳ ያላዘነ ለእኛ ሬሳ ሊያዝን ነው?" ተባለ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ያሉም ነበሩ። እድሩ ሳይቋቋም ቀረ። ሳህኑ ዛሬም ይዞራል።

የሚገርመው፣ ሰው ከጊዜ በኋላ ታሪኩን ገለበጠው። ቂሙ ሲበርድ አድናቆት ሆነ። "ብረት" የሚለው ስም ያኔ ነው የወጣላቸው። አዳዲስ የመጡ ልጆች ሳይቀሩ "እኚህ ናቸው ለሚስታቸው እንኳ ብለው ሕግ ያላፈረሱት" እየተባለ ይነገራቸዋል። ጋሽ ወልዴ ይህን ሲሰሙ ቆባቸውን ወደ ግንባራቸው ይስቡና ቦታ ይለውጣሉ። ትሕትና ይመስለን ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ እሑድ እሑድ መካነ መቃብሩ ይሄዳሉ። አንዱን እሑድ ሥራ ስገባ ሌላውን እሑድ አብሬያቸው እሄድ ነበር። ሳር ይነቅላሉ፣ ድንጋዩን በስፖንጅ ያጥባሉ፤ እኔ ውሃ እቀዳለሁ። አንድ ጊዜ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለማዛወር የመቃብሩን ጽሕፈት ቤት ጠይቀዋል፤ በቀጠሮው ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ሴትዮዋ በትሕትና የሙታን ዕረፍት እንደማይነካ፣ መቃብሩ የተያዘበት ዘመን ገና ብዙ እንደሚቀረው አስረዳቻቸው። እሳቸው ተነሥተው "ዳንከ" ብለው አመሰገኗት፤ እጇን ጨበጡ። መንገድ ላይ "ትክክል ናት። ሕግ ነው" ብቻ አሉኝ።

የመጨረሻው እሑዳችን የበልግ መግቢያ ላይ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሳንባቸው ታሞ ስለነበር በየቃሉ እያረፉ ነበር የሚናገሩት። ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን ያን ቀን አወጣሁት። ላስደስታቸው ብዬ ነው የጀመርኩት፤ እግዚአብሔር ይየው።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜ ብንፈቅድልዎ ኖሮ ይቆጡን ነበር አይደል?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አላወዛወዙትም፤ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ብትፈቅዱልኝ እቀበል ነበር" አሉ።

አልገባኝም። "ምን አሉኝ?"

"ሕጉን ለሌላው አውጥቼ በራሴ ሲደርስ ልሽረው አልቻልኩም። ራሴን ባገልም ሸሸ ይሉኛል አልኩ፤ እሱ ትዕቢት ነው፣ የራሴ ኃጢአት ነው፣ በእናንተ አላላክክም። ግን እናንተ ብትፈቅዱልኝ፣ ኮሚቴው ወሰነ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ እቀበል ነበር። ብርቄን እልካት ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ? እኔ እኮ እየፈተኑን መሰለኝ! አንድ ቃል ቢሉኝ…"

"አልኩሽ እኮ፣ ማርታ" አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። "ዕድሜ ልኬን ሰው ለምኜ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚለመን አላውቅም። የማውቀው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ያ ወረቀት ልመና ነበር።"

ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሳቸው ራሴን እየደባበሱ "ተይ፤ ያስተማርኩሽን ነው ያደረግሽው" አሉኝ። እትዬ ብርቄ እግራችን ሥር ነበሩ።